የስፖርት ተናጋሪው የቢል ስተርን የሕይወት ታሪክ

በትምህርት ቤታችን የስፖርት ቀን በተከበረ ቁጥር ከመካከላችን አንዱ ተማሪ ድምፅ ማጉያ ተሰጥቶት የጨዋታውን ሁኔታ ለተመልካቹ ያሰማል። ባለፈው ዓመት ይህን ሥራ የያዘው ጓደኛችን ጎል ያገባውን ልጅ በወንድሙ ስም ጠራው። ወንድምየው በዚያን ቀን ታሞ ቤቱ ተኝቶ ነበር። ጓደኛችን ስሕተቱን ማረም ስላፈረ ያ የታመመው ልጅ እስከ ጨዋታው ፍጻሜ ድረስ ኳስ ሲቀበልና ሲያቀብል ዋለ። የሳቀው ሳቀ፤ ጎሉን ያገባው ልጅ ግን ኩርፊያው እስከ ዛሬ ያለቀለት አይመስለንም። የስፖርት አስተማሪያችን ነገሩን አይተው ይህ ዘዴ በአሜሪካ አገር ቢል ስተርን በሚባል ሰው የታወቀ መሆኑን አጫወቱን። እኛም ሰውዬው ማን እንደ ሆነ መርምረን ያገኘነውን ለዚህ የመታሰቢያ መጽሔት አንባቢዎች እናቀርባለን።

ቢል ስተርን በኒው ዮርክ ግዛት ሮቸስተር በምትባለው ከተማ በ1907 ተወለደ። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኘው ዘመን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ እንዲያስታውስልን እንለምናለን። በ1925 በተወለደበት ከተማ በሚገኘው የራዲዮ ጣቢያ የእግር ኳስ ጨዋታ ማስተላለፍ ጀመረ፤ ይህም ማለት ዛሬ እኛ ባለንበት ዕድሜ መሆኑ ነው። በ1930 በፔንሲልቫኒያ የጦር ኮሌጅ ትምህርቱን ፈጸመ፤ ከዚያም ወደ ኒው ዮርክ ከተማ ገብቶ በታላላቅ የቴአትር አዳራሾች በመድረክ ሥራ ተቀጠረ። ልቡ ግን ከማይክሮፎን አልተለየም።

አንባቢዎቻችን የአሜሪካኖችን እግር ኳስ ከእኛው እግር ኳስ ጋር እንዳያምታቱት ጥቂት ማስረዳት ይገባናል። ኳሱ እንደ እንቁላል ሞላላ ነው። ከእያንዳንዱ ወገን 11 ሰው ይሰለፋል፤ ኳሱንም አብዛኛውን ጊዜ በእጅ ይዘው ይሮጣሉ። ኳሱን የያዘው ሰው ሊወድቅ ሲል ወደ ጎን ወይም ወደ ኋላ ለጓደኛው ሊወረውርለት ይችላል። ይህ የጎን ውርወራ በኋላ ስለሚያስፈልገን አንባቢ በልቡ ይያዘው። ተጫዋቾቹ የራስ ቁር ስለሚደፉ ፊታቸው በሩቅ አይለይም፤ ዝናብ የዘነበ እንደ ሆነ ደግሞ የልብሳቸው ቁጥር በጭቃ ይሸፈናል። ተናጋሪው ከትሪቡኑ ጫፍ ተቀምጦ ማን ኳሱን እንደ ያዘ በቅጽበት መለየት አለበት። የየቡድኑን ልጆች የሚያውቁ ረዳቶች በግራና በቀኙ ተቀምጠው በስም ዝርዝሩ ላይ በጣታቸው ያመለክቱለታል። እንደዚያም ሆኖ መሳሳቱ አይቀርም።

በዚያን ዘመን የአሜሪካን ሕዝብ ይማርክ የነበረው በደመወዝ ከሚጫወቱት ቡድኖች ይልቅ የኮሌጅ ተማሪዎች ጨዋታ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ገበሬው በቤቱ፣ ነጋዴው በሱቁ ሆኖ ራዲዮውን ይከፍታል፤ ሜዳውንም የሚያየው በተናጋሪው አፍ ብቻ ነው። ሁሉንም ነገር በሥዕል እያየን ያደግን እኛ ይህን ለመገመት ተቸግረን ነበር። ወላጆቻችን ግን የኳስ ጨዋታ በራዲዮ እየሰሙ ስላደጉ ስንጠይቃቸው ወዲያው ገባቸው፤ እንዲያውም ከኳሱ ይልቅ የተናጋሪውን ትንፋሽ ሰምተው ጎል መቅረቡን ያውቁ እንደ ነበር አጫወቱን።

ስተርን በ1934 ኤን ቢ ሲ የተባለውን ታላቅ የራዲዮ ኩባንያ የፕሮግራም ኀላፊ ጆን ሮያልን ደጅ ጠና። ሮያልም ከመሰልቸት ይሁን ከርኅራኄ፣ በጊዜው ዝነኛ ከነበረው ከግሬሃም ማክናሚ ጎን ተቀምጦ ሁለት ደቂቃ ብቻ እንዲናገር ፈቀዱለት። ሁለቱ ደቂቃ አማረለትና ሌላም ሥራ ተጨመረለት። እዚህ ላይ ብልጠት አማረው። ንግግሩን እያደነቁ ለኩባንያው ቴሌግራም እንዲልኩ ለዘመዶቹና ለጓደኞቹ አደራ አለ። ቴሌግራሞቹ መጡ፤ ዳሩ ግን ላኪዎቹ ቸኩለው ኖሮ የደረሱት ጨዋታው ገና ሳይተላለፍ ነበር። ያልተሰማ ንግግር እንዴት ይደነቃል? ስተርን በዚያው ተባረረ።

ከዋናው ከተማ የተባረረ ተናጋሪ የሚሄደው ወደ አውራጃ ነው። ስተርንም በ1935 በሉዊዚያና ግዛት ሽሪቭፖርት በምትባለው ከተማ የሴንተናሪ ኮሌጅን ጨዋታዎች ማስተላለፍ ጀመረ። ሴንተናሪ ትንሽ ኮሌጅ ሲሆን፣ ቡድኑ ግን እጅግ ከሚበልጡት ዩኒቨርሲቲዎች ጋር የሚገጥም ደፋር ቡድን ነበር። የአውራጃ ተናጋሪ ኑሮ የመንገድ ኑሮ ነው። ቡድኑ ወደ ሄደበት ይሄዳል፤ ቅዳሜ ሜዳ ላይ ውሎ እሑድን በመኪና ያሳልፋል። ከሽሪቭፖርት እስከ ቴክሳሱ ኦስቲን ብቻ መንገዱ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ስሙ ከአውራጃው ውጪ አይታወቅም። በአውራጃው ውስጥ ግን የጎረቤቱን ልጅ፣ የባለሱቁን ልጅ ስም በአየር ላይ የሚጠራ እርሱ ስለ ሆነ ሰው ሁሉ እንደ ዘመድ ያየዋል። አንዱን ትምህርት ቤት ይዘው እስከ እርጅና ድረስ የኖሩም አሉ፤ ለምሳሌ ካውድ ሌድፎርድ የተባለው ሰው የኬንታኪን ዩኒቨርሲቲ ጨዋታ ከ1953 እስከ 1992 ድረስ 39 ዓመት ሙሉ አስተላልፏል። በእኛ አስተያየት ከዚህ የበለጠ የሚያስቀና ሥራ የለም። ስተርን ግን በሽሪቭፖርት ሆኖ ዓይኑ ከኒው ዮርክ የተነቀለ አይመስለንም።

በዚያው ዓመት ኦክቶበር 20 ቀን በቴክሳስ ከተደረገ ጨዋታ ሲመለስ ቲግ በምትባለው ትንሽ ከተማ አጠገብ የመኪና አደጋ ደረሰበት። ሐኪሞቹም ግራ እግሩን ከጉልበቱ በላይ ቆረጡት። ዕድሜው 28 ዓመት ነበር። ያን ጊዜ ያ ያባረረው ኤን ቢ ሲ መልሶ ሥራ ሰጠው፤ ስተርንም በሰው ሠራሽ እግር እየተራመደ የትሪቡኑን ደረጃ እንደገና ወጣ። ከሆስፒታሉ ግን ሌላም ነገር ይዞ ወጥቶ ነበር። ለሥቃዩ ማስታገሻ የተሰጠው ሞርፊን ሱስ ሆነበት፤ ይህን ግን ከራዲዮ ሰሚዎቹ የሚያውቅ አልነበረም።

ከዚህ በኋላ ዝናው ከፍ ከፍ አለ። ሲ ቢ ኤስ በተባለው በሌላው ኩባንያ የሚሠራው ቴድ ሂውሲንግ በዕውቀቱና በጥንቃቄው ሲታወቅ፣ ስተርን ደግሞ ሰሚውን ከመቀመጫው በሚያስነሣ ንግግሩ ታወቀ። ሁለቱም ብርቱ ተፎካካሪዎች ነበሩ። በ1942 ስለ ቤዝቦል ተጫዋቹ ሉ ጌሪግ በተሠራው ፊልም ውስጥም ስተርን ራሱን ሆኖ ታየ።

የጓደኛችንም ዘዴ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ስተርን ኳሱን ይዞ የሚሮጠውን ሰው ስም ይጠራል፤ ሯጩም ወደ ጎሉ መስመር ይቃረባል። በዚህ ጊዜ ረዳቱ በጣቱ ሌላ ስም ያመለክተዋል። ሌላው ተናጋሪ ቢሆን ይቅርታ ጠይቆ ያርም ነበር። ስተርን ግን ድምፁ ሳይናወጥ የመጀመሪያው ሰው ኳሱን በጎን ውርወራ ለሁለተኛው እንዳቀበለ ይናገራል። በሜዳው ላይ እንዲህ ያለ ውርወራ አልነበረም። በራዲዮው አጠገብ የተቀመጠው ሰው ግን ውርወራውን በዓይነ ሕሊናው አይቶ ያጨበጭባል።

ይህ ነገር በክፍላችን ብዙ ክርክር አስነሣ። ከፊሎቻችን ጎሉ ጎል ነው፣ ያገባውም ሰው በመጨረሻ ስሙ ተጠርቷል፣ እንግዲህ ማን ተጎዳ አልን። ሌሎቻችን ደግሞ ዓይነ ስውርን መንገድ የሚመራ ሰው ጉድጓድ በሌለበት ዝለል ቢለው፣ ባይወድቅም እንኳ አታሎታል ብለን ተከራከርን። ኳሱን ከመጀመሪያ ጀምሮ ይዞ የሮጠው ልጅ እናት ራዲዮ እየሰማች ቢሆንስ? የልጅዋ ሩጫ በግማሽ ለሌላ ተሰጥቷል። ክርክሩ ሳያልቅ ደወል ተደወለ።

በስተርን ዘመን የነበሩት ተናጋሪዎችም ነገሩን ያውቁ ነበር። ክሌም ማክካርቲ የሚባል የታወቀ የፈረስ እሽቅድምድም ተናጋሪ በ1947 በፕሪክነስ ውድድር ጊዜ ፈረሶቹ ለጥቂት ጊዜ ከዓይኑ ስለ ተከለሉበት፣ ያሸነፈው ፎልትለስ የተባለው ፈረስ ሲሆን ጄት ፓይለትን አሸናፊ አድርጎ ተናገረ። ወዲያውም መሳሳቱን ለሰሚዎቹ አመነ። እንደሚባለው ስተርን በዚህ ስሕተት ቢያፌዝበት፣ ማክካርቲ ፈረስን ለሌላ ፈረስ በጎን ውርወራ ማቀበል እንደማይቻል ነግሮ አፉን አስያዘው።

ስተርን ከጨዋታው ሌላ የመላጫ ሳሙና የሚያስተዋውቅ የስፖርት ታሪክ ፕሮግራም ነበረው፤ እስከ 1951 ድረስም በኤን ቢ ሲ ተሰምቷል። በሙዚቃ ታጅቦ የሚነገር ታሪክ ሲሆን፣ አብዛኛው እውነት አልነበረም። ከታወቁት አንዱ ፕሬዚዳንት ሊንከን በሞት አልጋ ላይ ሆነው ጄኔራል ደብልዴይን አስጠርተው ቤዝቦል እንዳይሞት አደራ ማለታቸውን የሚያወራው ነው። የታሪክ ትምህርታችንን ያልረሳን ሁሉ እንደምናውቀው ሊንከን በ1865 በጥይት ከተመቱ በኋላ አእምሯቸው ሳይመለስ ነው የሞቱት። ደብልዴይም ቤዝቦልን ፈጠረ መባሉ ራሱ ተረት ነው። ለስተርን ፍትሕ ለመስጠት ያህል፣ ታሪኮቹ ከፊሉ አፈ ታሪክና ወሬ መሆናቸውን በፕሮግራሙ ላይ ይናገር ነበር። ሆኖም ማስጠንቀቂያውን አስታውሶ ታሪኩን የረሳ ሰው መኖሩን እንጠራጠራለን።

በራዲዮ ብቻ ይቻል የነበረውን የጎን ውርወራ ከንቱ የሚያደርገው መሣሪያ ሲመጣ በፊቱ የቆመው ስተርን ራሱ መሆኑ ያስገርማል። በሜይ 17 ቀን 1939 የኮሎምቢያና የፕሪንስተን ተማሪዎች በኒው ዮርክ ቤከር ፊልድ ያደረጉት የቤዝቦል ግጥሚያ በአሜሪካ በቴሌቪዥን የታየ የመጀመሪያው የቤዝቦል ጨዋታ ሲሆን፣ ተናጋሪው ስተርን ነበር። ካሜራው አንድ ብቻ ነበር፤ ፕሪንስተንም 2 ለ 1 አሸነፈ። ቴሌቪዥን በየቤቱ እስኪገባ ድረስ ግን ገና ብዙ ዓመት ቀርቶ ስለ ነበር የስተርን ገናናነት ቀጠለ።

በዚህ ሁሉ ጊዜ ሞርፊኑ አልተወውም። ኤን ቢ ሲን ለቅቆ ኤ ቢ ሲ ወደ ተባለው ኩባንያ ገባ። በጃንዋሪ 2 ቀን 1956 በኒው ኦርሊንስ የጆርጂያ ቴክና የፒትስበርግ ኮሌጆች ሹገር ቦል የተባለውን ታላቅ ግጥሚያ ሲያደርጉ እርሱ በቴሌቪዥን ሊያስተላልፍ ተቀምጦ ነበር። ከመድኃኒቱ የተነሣ ግን መናገር ተሳነው፤ ሬይ ስኮት የተባለው ጓደኛው ሥራውን ተቀብሎ ጨረሰ። ከ20 ዓመት በላይ ለስሕተት ሁሉ መሸፈኛ ቃል ያላጣው ሰው በዚያን ቀን አንድም ቃል አላገኘም።

ከዚህ በኋላ ሆስፒታል ገብቶ ታከመ፤ ከሱሱም ተላቀቀ። በ1959 ስሙ «የአመድ ጣዕም» ተብሎ ሊተረጐም የሚችል የሕይወት ታሪኩን አሳተመ። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ እግሩን ስለ ማጣቱና ለዓመታት ስለ ደበቀው ሱስ በግልጥ ጻፈ። ሱስ እንደ ታላቅ ነውር በሚቈጠርበት በዚያ ዘመን አንድ ዝነኛ ሰው ይህን በገዛ ስሙ ማተሙ ቀላል ነገር አልነበረም። የጎን ውርወራውን አጥብቀው የነቀፉት ጓደኞቻችን እንኳ ይህን ክፍል ሲሰሙ ዝም አሉ።

ስተርን ወደ ራዲዮ ተመልሶ በሙችዋል ጣቢያ የስፖርት ዜና ይናገር ነበር፤ ሆኖም የቀድሞው ዝና አልተመለሰለትም። በኖቬምበር 19 ቀን 1971 በኒው ዮርክ ግዛት ራይ በምትባለው ከተማ በ64 ዓመቱ ሞተ።

ከስፖርት ታሪክ ፕሮግራሞቹ ጥቂቶቹ በድምፅ ተቀርጸው እስከ ዛሬ ይገኛሉ። እኛም ይህን ጽሑፍ ከመጨረሳችን በፊት አንዱን አግኝተን ከትምህርት ሰዓት በኋላ በክፍላችን አዳመጥን። እንግሊዝኛው ፈጣን ነው፤ ድምፁም አርጅቶ ይንቋቋል። ታሪኩ ውሸት መሆኑን ሁላችንም አስቀድመን እናውቅ ነበር። እስኪያልቅ ድረስ ግን ከክፍሉ የወጣ አንድም ሰው አልነበረም፤ ጓደኛችን ተናጋሪውም፣ ከእርሱ ጋር ያኮረፈው ልጅም በአንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሰሙ።