የአባት ብሩሽና የልጅ መንገድ

ሠዓሊና ባለቅኔ ገብረ ክርስቶስ ደስታ የተወለዱት በሐረር ሲሆን፥ አባታቸው አለቃ ደስታ የብራና መጻሕፍትን በሥዕል የሚያስጌጡ የቤተ ክርስቲያን ሊቅ ነበሩ። ልጁም ከቀለም ጋር የተዋወቁት በዚሁ ቤት ነው። በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ግን ሠዓሊ የተወሰነውን መልክ ይከተላል እንጂ የራሱን ስሜት አይገልጥም።

ገብረ ክርስቶስ በጀርመን አገር በኮሎኝ ከተማ ተምረው ከተመለሱ በኋላ፥ በ1963 እ.ኤ.አ. «ጎልጎታ»ን ሣሉ። ታሪኩ ያው ስቅለት ነው፤ መልኩ ግን ከአባቶች ሥዕል ተለይቶ በደም ቀለም ተዋጠ። ሥራዎቻቸው ኢትዮጵያዊነት ይጐድላቸዋል ተብለውም ተነቀፉ። እኛ ግን ፊታቸውን ሳይስሉ ራሳቸውን የሣሉበት ሆኖ እናገኘዋለን።

በ1981 እ.ኤ.አ. በስደት ሳሉ በአሜሪካ፥ በኦክላሆማ አረፉ። የአባትን ሙያ ማክበር የአባትን መስመር መገልበጥ ብቻ አለመሆኑን ግን ለወጣቱ አስተምረው አልፈዋል።