ሥዕሉ የሠዓሊው፥ ስሙ የጋዜጣው

በየሳምንቱ በጋዜጣ ላይ የሚወጣ የአንድ ዓምድ ስም የማን ነው? የፈጠረው ሰው ነው ወይስ ያሳተመው ጋዜጣ? ይህ ነገር ከመቶ ዓመት በፊት በኒውዮርክ ከተማ እስከ ፍርድ ቤት ደርሶ ነበር፤ ለክርክሩም ምክንያት የሆኑት ስመ ጥሩው የቀልድ ሠዓሊ ሪቻርድ አውትኮልት ናቸው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሚስተር አውትኮልት በ1863 ዓ.ም. በአሜሪካ በኦሃዮ ግዛት ላንካስተር በምትባል ከተማ ተወለዱ። በወጣትነታቸው በቶማስ ኤዲሰን ድርጅት በሠዓሊነት ሲያገለግሉ ቆይተው፥ ኋላ ልባቸው ወደ ቀልድ ሥዕል አዘነበለ።

በ1895 ዓ.ም. የጆሴፍ ፑሊትዘር ንብረት በነበረው በ«ወርልድ» ጋዜጣ ላይ «ሆጋንስ አሊ» የሚባለውን የድኾች ሰፈር ሥዕል ማውጣት ጀመሩ። በዚህም ውስጥ ራሱ የተላጨ፥ ጆሮው ትልልቅ፥ እስከ እግሩ የሚደርስ ቢጫ የሌሊት ቀሚስ የለበሰ አንድ ልጅ ነበረ። ሕዝቡ «ቢጫው ልጅ» እያለ ወደደው። በ1896 ዓ.ም. የፑሊትዘር ተወዳዳሪ ዊልያም ሄርስት ሠዓሊውን ወደ ራሱ ጋዜጣ ወሰዳቸው። «ወርልድ» ግን የዓምዱን ስም አልለቀቀም፤ ጆርጅ ሉክስ የተባለ ሌላ ሠዓሊ ተክቶ ያንኑ ልጅ ማሣሉን ቀጠለ። ስለዚህ በአንድ ከተማ፥ በአንድ እሑድ፥ ሁለት ቢጫ ልጆች ይታዩ ጀመር! ሚስተር አውትኮልት መብታቸውን ለማስመዝገብ ወደ ዋሽንግተን ቢጽፉም ሌላውን እጅ ሊያግዱ አልቻሉም።

በግንቦት 1902 ዓ.ም. ደግሞ በ«ኒውዮርክ ሄራልድ» ላይ «ባስተር ብራውን» የተባለውን ፈጠሩ። ይህኛው የሀብታም ቤት ልጅ ነው፤ አለባበሱ ያማረ፥ ጠባዩ ግን የከፋ፥ ታይግ ከሚባለው ውሻው ጋር ቤቱን የሚያተራምስ። በ1906 ዓ.ም. ሠዓሊው ዳግመኛ ወደ ሄርስት ሲሄዱ «ሄራልድ» ስሙን በንግድ ምልክትነት ይዞ ስለ ነበር ነገሩ በዳኛ ፊት ቀረበ።

ፍርዱ በሁለት ተከፈለ። «ባስተር ብራውን» የሚለው የዓምዱ ርእስ የ«ሄራልድ» ሆነ፤ ሠዓሊው ግን ልጁንና ውሻውን በአዲስ ሥዕል ከመሣል አልተከለከሉም። ነገሩ ሲመረመር እንግዳ አይደለም። በዚያን ጊዜ የድርሰት መብት የሚጠብቀው የታተመውን ሥዕል ነበር፤ ነገ የሚሣለውን አያውቅም ነበር። የዓምድ ስም ግን እንደ ሱቅ ሰሌዳ ነው፤ አንባቢው በየእሑዱ ያንን አይቶ ሳንቲሙን ያወጣል። እንዲህም ቢሆን አባት ልጁን በስሙ እንዳይጠራ መከልከሉ ለሰሚው ይከብዳል።

ከዚያ በኋላ «ሄራልድ» ስሙን ይዞ በሌሎች ሠዓሊዎች እጅ ጥቂት ዓመታት ቀጠለ። ሚስተር አውትኮልትም ያንኑ ልጅ ያለ ስሙ በሄርስት ጋዜጣ እስከ 1921 ዓ.ም. ሣሉት።

ሆኖም እኚህ ሰው ከቢጫው ልጅ ትምህርት ሳያገኙ አልቀሩም። የፍርዱ ነገር ገና ሳይመጣ፥ በ1904 ዓ.ም. በሴንት ሉዊስ ኤግዚቢሽን ላይ፥ የባስተር ብራውንን ስምና ሥዕል ለልዩ ልዩ ነጋዴዎች ሸጠው ነበር፤ ከገዢዎቹም አንዱ ብራውን የተባለው የጫማ ኩባንያ ነው። ከጋዜጣው ደመወዝ ሌላ ብዙ ገንዘብ ያገኙት ከዚህ ነው።

«ሄራልድ» በ1924 ዓ.ም. ከ«ትሪቢዩን» ጋር ተቀላቀለ፤ ሚስተር አውትኮልትም በ1928 ዓ.ም. በኒውዮርክ ዐረፉ። ሁለቱ የተሟገቱበት ስም ግን በሕፃናት ጫማ ላይ ታትሞ ከዚያ በኋላ ብዙ ዐሥርት ዓመታት ተሸጧል።