ከወስፌ የተነሳ ታሪክ

ለዛሬ የሉዊ ብሬልን ታሪክ ይዤላችሁ ቀርቤያለሁ።

ሉዊ በ1809 እ.ኤ.አ. ፈረንሳይ ውስጥ ተወለደ። አባቱ የፈረስ ዕቃ ሠሪ ነበር፤ በእኛ እንጅባራ ጥር 23 ፈረሶች እንደሚያጌጡበት ያለ ማለት ነው። ሉዊ በ3 ዓመቱ በአባቱ ወስፌ ሲጫወት ዓይኑን ወጋው። ቁስሉ አመርቅዞ ወደ ሌላኛውም ተዛመተ። 5 ዓመት ሲሆነው ሁለቱም ጠፉ።

በ10 ዓመቱ ፓሪስ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ገባ። እዚያ ባርቢዬ የሚባል መኮንን የፈጠረውን በጣት የሚነበብ ባለ 12 ነጥብ ጽሑፍ አገኘ። ግን ከባድ ነበር። ሉዊ ገና በ15 ዓመቱ በ6 ነጥብ አቀለለው። ነጥቦቹ የሚወጉት ወስፌ በሚመስል ነገር ነው! በ1852 በ43 ዓመቱ ሞተ። ትምህርት ቤቱ ጽሑፉን በይፋ የተቀበለው ከ2 ዓመት በኋላ ነው። ዛሬ በአማርኛም ይጻፍበታል።

በውጭ አገር ዓይነ ስውራንን የሚመራ የሠለጠነ ውሻ አለ። እኛ ቤት መሪው እኔ ነኝ። የአያቴን ዱላ ጫፍ ይዤ ቤተ ክርስቲያን አደርሳቸዋለሁ። ትምህርት ቤት ስውል ግን ደጅ ተቀምጠው ይጠብቁኛል። ይህን ታሪክ ስነግራቸው ካርቶን ላይ 6 ነጥብ ወግቼ ሰጠኋቸው። ዳሰው ስድስቱንም ቆጠሩ፤ አልተሳሳቱም።

ወስፌውን ከትንሹ ወንድሜ ደብቄዋለሁ። እናንተም ደብቁ። ቸር ይግጠመን!