ከንጉሥ አደባባይ ወደ ስሜን ተራራ
የማሕሌታዊው ያሬድ ሕይወት

ከጎንደር የተነሣ መንገደኛ ዳባትን አልፎ 100 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ተጓዘ ደባርቅ ይደርሳል። ከደባርቅ ወዲያ ከሚነሡት የስሜን ተራሮች መካከል አንዱ ከፍተኛ ጫፍ አባ ያሬድ ይባላል። አክሱም ተወልዶ በንጉሥ ፊት የዘመረው ሊቅ ስሙ በዚህ ብርዳም አገር እንዴት ሊጠራ ቻለ? መልሱ የሚገኘው በሕይወቱ ታሪክ ውስጥ ነው።

ያሬድ የኖረው በ6ኛው መቶ ዓመት ነው። አባቱ ሲሞት እናቱ ለአጎቱ ለአባ ጌዴዎን ሰጠችው። አባ ጌዴዎን የአክሱም ጽዮን መምህር ነበሩና ያስተምሩት ጀመር፤ ዳሩ ግን ሕፃኑ ትምህርቱ አልገባው ብሎ የባልንጀሮቹ መሳለቂያ ሆነ። አንድ ቀንም የመምህሩን ቅጣት ሸሽቶ ጠፋ። ገድሉ እንደሚተርከው፥ ከዛፍ ሥር ዐርፎ ሳለ አንድ ትል ወደ ላይ ለመውጣት ደጋግሞ ሲወድቅ፥ ደጋግሞም ሲነሣ፥ በመጨረሻም ከጫፉ ደርሶ ፍሬውን ሲበላ አየ። ወዲያው ተመልሶ አጎቱን ይቅርታ ለመነ፤ እንደገናም ለትምህርት ተቀመጠ።

ዜማውንም ከሦስት ወፎች እንደ ተማረ ገድሉ ይናገራል። ስለዚህ የዜማ አባት የተባለው ሰው በገድሉ ውስጥ አስቀድሞ የሚታየው አድማጭና ተማሪ ሆኖ ነው። ግዕዝ፥ ዕዝልና አራራይ የተባሉት ሦስቱ የዜማ ስልቶች፥ እንዲሁም ድጓ፥ ጾመ ድጓ፥ ምዕራፍ፥ ዝማሬና መዋሥዕት የእርሱ ድርሰቶች መሆናቸው በቤተ ክርስቲያን ይታመናል።

ንጉሡ ገብረ መስቀል ያሬድን እጅግ ይወደው ነበር። አንድ ቀን ያሬድ ሲዘምር ንጉሡ በዜማው ተመስጦ ጦሩን በያሬድ እግር ላይ ተከለው ይባላል። ደሙ እየፈሰሰ ሁለቱም አላወቁም ነበር። ንጉሡ በድርጊቱ ደንግጦ የወደደውን እንዲለምን በፈቀደለት ጊዜ፥ ያሬድ ሹመትም ወርቅም አልጠየቀም፤ ከቤተ መንግሥት ወጥቶ እንዲሄድ እንዲሰናበት ብቻ ለመነ። ንጉሡም እያዘነ አሰናበተው። ያሬድ ወደ ስሜን ሄዶ በጾምና በጸሎት እየተጋ ደቀ መዛሙርትን ሲያስተምር ኖረ፤ ሕይወቱም በዚያው ተፈጸመ። መታሰቢያው ግንቦት 11 ቀን ይከበራል።

የንጉሥ ዘማሪ ሆኖ ቢቀር ኖሮ ዜማው ከአደባባዩ ባልወጣ ይሆናል። ተማሪዎች ስለ ተቀበሉት ግን ከአፍ ወደ ጆሮ እየተላለፈ ዘለቀ። በ16ኛው መቶ ዓመት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የዜማውን ምልክት አስፋፍተው አደላደሉ። ቤተ ልሔም በድጓ፥ ዙር አምባም በዝማሬና በመዋሥዕት የታወቁ ጉባኤዎች ሆኑ። አኮፋዳ አንግቶ ከደጅ ወደ ደጅ እየለመነ የሚማረው የቆሎ ተማሪ ዜማውን እስከ ዘመናችን አድርሶታል።

ይህ የመማር ሥርዓት ለቤተ ክርስቲያን ብቻ የተለየ አይደለም። የጃዝ ሙዚቀኛም ጥበቡን የሚይዘው የቀደሙትን በማዳመጥና ከእነርሱ ጋር አብሮ በመጫወት ነው። ቫይብራፎንን ከኢትዮጵያ ቅኝቶች ጋር ያዋሐዱት አቶ ሙላቱ አስታጥቄም በእንግሊዝ አገርና በአሜሪካ ከሌሎች ተምረው ነው የራሳቸውን ስልት ያወጡት።

ትምህርት የከበደው ተማሪ ከትሉ ታሪክ ይጽናና። ወንበር ያገኘው ወጣት ሹም ደግሞ የጦሩን ታሪክ ያስታውስ፤ ያሬድ በንጉሥ ፊት ያገኘውን ክብር ትቶ፥ ዕውቀቱን ግን ለተማሪዎቹ አስረክቧልና።