ሀምፍሪ ዴቪና የመርከቦቹ መዳብ

ሀምፍሪ ዴቪ እ.ኤ.አ. በ1778 በእንግሊዝ አገር፣ በኮርንዎል በምትገኘው ፔንዛንስ ተወለደ። አባቱ ሲሞት ገና ወጣት ስለነበር፣ በአንድ ሐኪምና መድኃኒት ቀማሚ ዘንድ ሙያ ሊማር ገባ። በ1801 በለንደን ሮያል ኢንስቲትዩሽን ተቀጠረ።

በ1807 በቀለጠ ፖታሽ ውስጥ የኤሌክትሪክ ኃይል በማሳለፍ ፖታሲየምን ለየ። አዲሱ ብረትአስተኔ በአየር ላይ ወዲያው ይደበዝዛል፤ ውኃ ላይ ሲጣል እየተንሳፈፈ ሃይድሮጅን ይለቃል፣ በሐምራዊ ነበልባልም ይነዳል። ዴቪ ሊያቆየው የቻለው ከአየርና ከእርጥበት ሰውሮ በተጣራ የነዳጅ ዘይት ውስጥ በመዝፈቅ ነበር። ከጥቂት ቀናት በኋላ ሶዲየምን ጨመረበት።

ይሁን እንጂ ስለ ብረትአስተኔዎችና ስለ ውኃ የላቀ ትምህርት የሚሰጠው ብዙም የማይወሳው ኋለኛ ሥራው ነው። የባሕር ኃይሉ መርከቦች ከውኃ በታች ያለው አካላቸው በመዳብ ይለበጥ ነበር፤ የባሕር ውኃ ግን መዳቡን ይበላዋል። በ1823 ጥያቄው ለዴቪ ቀረበ። በዚያን ጊዜ የሮያል ሶሳይቲ ፕሬዚዳንት ነበር። መዳቡ የሚበላው በጨው ብቻ ሳይሆን በውኃው ውስጥ በሟሟው አየር ጭምር መሆኑን ተረዳ፤ ከመዳብ ይልቅ በቀላሉ የሚዋሃድ ዚንክ ወይም ብረት ቢያያዝበት መዳቡን ተክቶ እንደሚበላ አሰበ። በሙከራው አነስተኛ የዚንክ ቁራጭ ሰፊ የመዳብ ንጣፍ ጠበቀ። ማይክል ፋራዳይም በሥራው አግዞታል።

ኬሚስትሪው ትክክል ነበር፤ መርከቦቹ ግን ከበዱ። እየተበላ ወደ ውኃው የሚገባው መዳብ ለባሕር ነፍሳት መርዝ ነበርና፣ መበላቱ ሲቆም ዛጎል ለበስ እንስሳትና የባሕር አረም በንጣፉ ላይ ተጣበቁ፤ ፍጥነትም ቀነሰ። ለካ ጉዳት የተባለው መበላት መከላከያም ኖሯል! ይህን ማንኛውም የቤተ ሙከራ ገንዳ በጥቂት ቀናት ሊያሳይ አይችልም ነበር። የባሕር ኃይሉ ዘዴውን ተወው፤ ዴቪም የመሳለቂያ ዒላማ ሆነ። ጤናው ታውኮ በ1827 ፕሬዚዳንትነቱን ለቀቀ፤ በ1829 በጄኔቫ አረፈ።

በዛሬዎቹ የብረት መርከቦች ሁለቱ ሥራዎች ተለያይተዋል፦ ከዝገት ከሚጠብቋቸው ነገሮች አንዱ በአካላቸው ላይ የሚታሰር ዚንክ ሲሆን፣ የባሕር ነፍሳትን የሚያርቀው ብዙውን ጊዜ የመዳብ ውህድ ያለበት ቀለም ነው።