ዘሩን ለጎረቤት ያከፋፈለችው ኤሊዛ ሉካስ

ኤሊዛ ሉካስ ሦስት ሰፋፊ እርሻዎችን የማስተዳደር ኃላፊነት ሲጣልባት ገና የ16 ዓመት ልጅ ነበረች። ዘመኑ እ.ኤ.አ 1739፣ ቦታው በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ሥር የነበረችው የሰሜን አሜሪካዋ ደቡብ ካሮላይና ነው። አባቷ የጦር መኮንን ስለነበሩ ጦርነት ሲቀሰቀስ ወደ ካሪቢያኗ አንቲጓ ደሴት ተመለሱ፤ እናቷ ደግሞ በሽተኛ ነበሩ።

የአካባቢው ገቢ የተንጠለጠለው በሩዝ ላይ ነበር። ጦርነቱ የባሕር ጉዞውን ሲያስወድደው የሩዝ ገበያ ተዳከመ። አባቷ ከአንቲጓ የጥጥ፣ የዝንጅብል፣ የአልፋልፋና የኢንዲጎ ዘር ላኩላት። ኤሊዛ ተስፋዋን የጣለችው በኢንዲጎ ላይ ነው። ከዚህ ተክል ቅጠል ሰማያዊ የጨርቅ ማቅለሚያ ይገኛል፤ የእንግሊዝ ጨርቅ አምራቾችም ማቅለሚያውን ከፈረንሳይ ደሴቶች ይገዙ ነበር።

የመጀመሪያው ሰብል ሳይደርስ ውርጭ መታው። ደግማ ዘራች። ተክሉ ሲበቅልላት ደግሞ ሌላ ችግር መጣ፤ የኢንዲጎ ዋጋው ያለው ከማሳው ይልቅ በገንዳው ነውና። የታጨደው ተክል ውኃ ውስጥ ተዘፍዝፎ ይብላላል፤ ውኃው ወደ ሌላ ገንዳ ተቀድቶ ለረጅም ጊዜ ይመታል፤ የኖራ ውኃ ሲጨመርበት ሰማያዊው ዝቃጭ ከታች ይቀራል። ዝቃጩ ተጠልሎ፣ ተቆራርጦ ይደርቃል። ኖራው ትንሽ ከበዛ ቀለሙ ይበላሻል። ለዚህ ሥራ ኒኮላስ ክሮምዌል የተባለ ባለሙያ ከሞንትሰራት ደሴት ተቀጠረ። ኤሊዛ ኋላ እንዳስረዳችው ግን ሰውዬው የደሴቱን ገበያ የሚሻማ ሰብል መስፋፋቱ ስላሰጋው ኖራውን ሆን ብሎ አበዛው። እሷም አሰናበተችው።

በ1744 ጥሩ ቀለም ተገኘ። መጠኑ 17 ፓውንድ፣ ማለትም ከ8 ኪሎ ግራም በታች ነበር። ወደ ለንደን የተላከው ናሙናም ተወደደ። ከዚያ በኋላ ያደረገችው ነው ስሟን ያስጠራው፦ ሰብሉን ለዘር አስቀርታ ለጎረቤት የእርሻ ባለቤቶች በትንሽ በትንሹ አከፋፈለች። ደብቃ ብቻዋን ብትጠቀም ማንም አይከለክላትም ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ ከግዛቲቱ ወደ ውጭ የተላከው ኢንዲጎ ከ450 ኩንታል በላይ ደረሰ። በ1748 የእንግሊዝ ፓርላማ በእያንዳንዱ ፓውንድ 6 ፔንስ ድጎማ ፈቀደ። ከአሜሪካ የነጻነት ጦርነት ዋዜማ ላይ የዓመቱ ምርት ከ4 ሺህ 500 ኩንታል አልፎ ከሩዝ ቀጥሎ የግዛቲቱ ሁለተኛ የውጭ ንግድ ሰብል ሆኖ ነበር።

ማሳውን የኮተኮቱት፣ ክፉ ሽታ ባለው ገንዳ አጠገብ የዋሉት ግን በባርነት የተያዙ አፍሪካውያንና ልጆቻቸው ናቸው። ከሥራው ዕውቀት ብዙው የእነሱ እንደነበር ዛሬ ታሪክ አጥኚዎች ይናገራሉ። ስማቸው ግን እንደ ኤሊዛ አልተመዘገበም፤ ከትርፉም አልደረሳቸውም።

ኤሊዛ ቻርልስ ፒንክኒ የተባለ የሕግ ባለሙያ አገባች። ባሏ በ1758 ሲሞት እርሻዎቹን ራሷ ማስተዳደር ቀጠለች። ልጇ ቻርልስ ኮትስዎርዝ የአሜሪካን ሕገ መንግሥት ከፈረሙት አንዱ ነው።

አሜሪካ ነጻ ስትወጣ የእንግሊዝ ድጎማ ቀረ፤ ገዢዎችም ፊታቸውን ወደ ሕንድ ኢንዲጎ አዞሩ። ገበሬው ማሳውን ለጥጥ ለቀቀ። ኤሊዛ በ1793 በፊላደልፊያ ስታርፍ አስከሬኗን ከተሸከሙት መካከል ፕሬዚዳንት ጆርጅ ዋሽንግተን ነበሩበት። የጥጥ መዳመጫ ማሽን በጆርጂያ የተሠራውም በዚያው ዓመት ነው።