ኤድዋርድ ሩፐል፦ የእንስሳትን ስም ከባለ አገሩ የተማረ ሊቅ

ከዲላ ከተማ ወደ ጌዴኦ ደጋ ሲወጣ ቡናውና እንሰቱ በትላልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ተስማምተው ሲበቅሉ ይታያሉ። በደቡብ ኢትዮጵያ ደኖች ከዛፍ ወደ ዛፍ የሚዘለውን፣ በጥቁር ገላው ላይ ነጭ ካባ የደረበ የሚመስለውን እንስሳ አማርኛ ተናጋሪው ጉሬዛ ይለዋል። የዓለም የእንስሳት ሊቃውንትም በላቲን ቋንቋ በሚጽፉት መዝገብ የሚያውቁት በዚሁ በአማርኛ ስሙ ነው። ስሙን ወደዚያ መዝገብ ያስገባው ኤድዋርድ ሩፐል የተባለ ጀርመናዊ ሲሆን፣ ዘመኑም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 1835 ነበር። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።

ሩፐል በ1794 በፍራንክፈርት ከተማ ከባለ ባንክ ቤተ ሰብ ተወለደ። ለንግድ ሥራ የታጨ ወጣት ቢሆንም በ1817 ወደ ግብፅና ወደ ሲና ያደረገው ጉዞ የሕይወቱን አቅጣጫ ለወጠው። ያየው የተፈጥሮ ሀብት ልቡን ስለ ማረከው ንግዱን ትቶ በኢጣልያ አገር፣ በፓቪያና በጄኖቫ፣ የዕፀዋትንና የእንስሳትን ትምህርት ተከታተለ። ከዚህም ጋር ከከዋክብት አቀማመጥ ተነሥቶ የአንድን ቦታ ኬክሮስ የማስላት ጥበብ ተማረ። በመሆኑም ወደ አፍሪካ ሲመለስ ጠመንጃና የእንስሳት ቆዳ ማድረቂያ ብቻ ሳይሆን የመለኪያ መሣሪያም ይዞ ነበር። እስከ 1827 ድረስ በኑብያ፣ በኮርዶፋንና በቀይ ባሕር ዳርቻ ሲመራመር ቆየ።

በ1831 ቴዎዶር ኤርክል ከተባለ ረዳቱ ጋር ምጽዋ ደረሰ። ጊዜው ዘመነ መሳፍንት ነበር፤ የጎንደሩ ንጉሠ ነገሥት በስም ብቻ ሲነግሥ፣ በስሜንና በትግራይ የደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ኃይል ገንኖ ነበር። የመንገዱ ጸጥታ የማያስተማምን በመሆኑ መንገደኛው ሁሉ የሚጓዘው ከነጋዴዎች ጉዞ ጋር ተዳብሎ ነበር። ሩፐልም በዚሁ ሁኔታ በ1832 ትግራይን አቋርጦ ወደ ስሜን ተራሮች ወጣ፤ ከዚያም ወደ ጎንደር ወረደ።

የስሜን አምባ ለአውሮፓ ሊቃውንት ያልተከፈተ መጽሐፍ ነበር። ሩፐል በፓቪያና በጄኖቫ የተማረው ትምህርት አንድን እንስሳ ከሌላው እንዴት እንደሚለይ አሳውቆት ነበር እንጂ፣ በዚያ ከፍታ ምን እንደሚያጋጥመው ሊነግረው አልቻለም። ደረቱ ላይ ቀይ ምልክት ያለው፣ ኑሮውን በሣር ላይ የመሠረተው ጭላዳ በአውሮፓ መጻሕፍት አልተመዘገበም ነበር። በገደል ላይ እንደ ሜዳ የሚመላለሰው ዋልያም ከስሜን በቀር በዓለም የትም የማይገኝ ነው። ቀይ ቀበሮም እንዲሁ ለሊቃውንቱ እንግዳ ነበር።

ይሁንና እነዚህ እንስሳት እንግዳ የሆኑት ለእርሱ እንጂ ለስሜን ገበሬ አልነበሩም። የሩፐል ታላቅነት የሚታየውም ይህን በመረዳቱ ነው። ወደ አገሩ ተመልሶ ከ1835 እስከ 1840 ስለ ኢትዮጵያ እንስሳት የጻፈውን ሥራ ሲያሳትም፣ ጭላዳን፣ ዋልያንና ጉሬዛን በሳይንስ መዝገብ ያሰፈራቸው ባለ አገሩ ባወጣላቸው ስም ነው። ለቀይ ቀበሮ የስሜንን ስም፣ ለአንዲት የደጋ ቆቅም የረዳቱን የኤርክልን ስም ሰጠ። መንገድ የመሩት የአገሬው ሰዎች ስም ግን ከእነዚህ ሁሉ በአንዱም ላይ አልዋለም። የእነርሱ ዕውቀት የቀረው በሦስቱ ቃላት ውስጥ ነው።

የሰበሰባቸው እንስሳት በፍራንክፈርት የዜንከንበርግ ቤተ መዘክርን፣ ከጎንደር የወሰዳቸው የግዕዝ መጻሕፍትም የከተማውን ቤተ መጻሕፍት አበለጸጉ። በ1839 የለንደን ንጉሣዊ የጂኦግራፊ ማኅበር የወርቅ ሜዳልያ ሸለመው። ሌሎች ሊቃውንትም አንድን ጥንብ አንሣ በስሙ ጠሩት፤ ይህ አሞራ በ1973 በምዕራብ አፍሪካ ሰማይ ከ11,000 ሜትር በላይ ከአውሮፕላን ጋር በመጋጨቱ ከአዕዋፍ ሁሉ ከፍ ብሎ በራሪ መሆኑ ታውቋል። ሩፐል በተወለደበት ከተማ በ1884 በ90 ዓመቱ ዐረፈ።

ሥራው ግን ዕዳም ጥሎ አልፏል። አንድ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ ሩፐል የገለጻቸውን የመጀመሪያዎቹን ናሙናዎች ለማየት ባሕር መሻገር አለበት። ሕያዋኑ ዘሮቻቸው ግን አሁንም በኢትዮጵያ ተራሮች ላይ ናቸው። የቀይ ቀበሮ ጎልማሶች ቁጥር ከ500 በታች እንደሆነ ይገመታል። በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የስሜን ብሔራዊ ፓርክም ከ1996 እስከ 2017 በአደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ቆይቷል። የጌዴኦ መልክአ ምድር በበኩሉ በ2023 በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ፣ ዛፍን ከእርሻ ጋር አስማምቶ ያቆየው የገበሬው ዕውቀት በዓለም ፊት ተመስክሮለታል።

ሩፐል ከጌዴኦ ምድር አልደረሰም። ነገር ግን እርሱ የጻፈው ጉሬዛ የሚለው ስም ትርጉም የሚኖረው ዛፉ እስከ ቆመ ድረስ ነው። ስሙን መዝግቦ ለማቆየት አንድ መንገደኛ በቂ ሆኗል፤ ባለ ስሙን ለማቆየት ግን የሚበቃው ባለ አገሩ ነው።